የእንዶድ ምርምር

እንዶድ በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ የሚበቅል ቁጥቋጦ ነው። እናቶች የደረቀውን ፍሬ ወቅጠው፣ ውሃ ውስጥ አሽተው፣ በአረፋው ነጠላና ጋቢ ሲያጥቡበት ኖረዋል። በአገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች ከተሠሩ ምርምሮች መካከል የዚህን ያህል ከሕዝብ ኑሮ የተቀዳ ማግኘት ያስቸግራል።

እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ዓድዋ ውስጥ ቢልሃርዚያን ያጠኑ ነበር። በሽታውን የሚያመጣው ጥገኛ ትል ሰው ላይ ከመድረሱ በፊት በውሃ ቀንድ አውጣ ውስጥ ያድጋል። ዶክተሩ ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በርክተው አዩ። ከወንዙ በሕይወት ያሉትን ሰብስበው በዕቃ ካደረጉ በኋላ፣ ከአጣቢዎቹ የእንዶድ አረፋ ጨመሩበት፤ ቀንድ አውጣዎቹም ብዙ ሳይቆዩ ሞቱ።

ገዳዩ ሳፖኒን የተባለው ንጥረ ነገር ነው። ከፍሬው የተለየው አንዱ ዓይነት በተመራማሪው ስም ለማቶክሲን ተብሏል።

የመስክ ሙከራው እዚያው ዓድዋ ላይ ለአምስት ዓመት ተካሄደ፤ ከ1 እስከ 6 ዓመት ባሉ ሕፃናት ላይ የነበረው የበሽታ መጠን ከ50 ወደ 7 በመቶ ወረደ። አስደናቂ ውጤት ነው፤ መድኃኒቱ ከጓሮ የሚለቀም መሆኑ ደግሞ የበለጠ ያስደስታል።

አክሊሉና የሥራ ባልደረባቸው ለገሠ ወልደ ዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ1989 «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። አክሊሉ ያቋቋሙት የፓቶባዮሎጂ ተቋም ዛሬም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በስማቸው ይጠራል።