አልጋው ተጻፈ፣ ትራሱ ተረሳ

በታሪክ መጻሕፍታችን «አልጋ» ማለት አብዛኛውን ጊዜ ዙፋን ነው። አልጋ ወራሹ እንዲህ አደረገ፣ አልጋው ባዶ ሆነ፣ አልጋውን እገሌ ያዘው ይባላል። ይህ አልጋ ብዙ ብራና፣ ብዙም ወረቀት ፈጅቷል። ሰው ደክሞት ስለሚጋደምበት አልጋ፣ ስለ ትራሱ፣ ስለ መጋረጃው፣ በግድግዳው ላይ ስለሚሰቀለው አበባ ግን እምብዛም አልተጻፈም። እኔ ዛሬ ላወራ የፈለግሁት ስለዚህ ስለ ሁለተኛው አልጋ ነው። ገንዘብ የሌለው ሰው መኝታውን በአበባ ሲያስጌጥ አበባውን ከየት አመጣው? ዋጋውንስ ማን ከፈለ?

በመጀመሪያ ነገር «መኝታ ቤት» የሚባለው የተለየ ክፍል ለአብዛኛው ሕዝባችን የቅርብ ጊዜ ነገር ነው። ባላገሩ በጎጆው ውስጥ በመደብ ወይም በጠፍር አልጋ ላይ ጀንዲውን ወይም አጎዛውን አንጥፎ ይተኛ ነበር። እልፍኝ የመኳንንቱ ነው። ከመኳንንቱ ቤት ወደ ድሃው ቤት ከተሻገሩት ነገሮች አንዱ መጋረጃ ነው። ንጉሥ በግብር ጊዜ ከመጋረጃ ጀርባ ሆኖ ይበላ እንደነበር የታወቀ ነው፤ በቤተ ክርስቲያንም መቅደሱ የሚከለለው በመጋረጃ ነው። መጋረጃ እንግዲህ የክብር ምልክት ሆኖ የኖረ ነገር ነው። ባለ አንድ ክፍል ቤት ያላት ሴት አልጋዋን ከእንግዳ ዓይን ለመከለል አበባ የታተመበትን ጨርቅ በሲባጎ ስትሰቅል፣ በጥቂት ክንድ ጨርቅ እልፍኝ ሠራች ማለት ነው።

አበባውስ? የግእዝ መጻሕፍትን የገለጠ ሰው በገጹ ራስጌ ላይ እርስ በርሱ የተጠላለፈውን ጌጥ ሳያይ አያልፍም። ስሙ «ሐረግ» ነው፤ ከተክል የተወሰደ ስም ነው። በአንዳንድ መጻሕፍት ደግሞ ከቆዳው ልባስ በውስጥ በኩል፣ በገበታው ላይ፣ ከህንድና ከሌላም አገር የመጣ ቁራጭ ጨርቅ ተለጥፎ ይገኛል። ሪቻርድ ፓንክረስት ስለ እነዚህ ጨርቆች ጽፈዋል። የባሕር ማዶ ጨርቅ በብርቅነቱ ቁራጩ እንኳ ለመጽሐፍ ክብር የተገባ ነበር። ሸማኔው በበኩሉ በዕቃው ቀጥ ያለ መስመርና ማዕዘን ማውጣት ይቀለዋል፤ ጥለታችን በአመዛኙ የመስመርና የማዕዘን ጥበብ የሆነው ለዚህ ይመስለኛል። ጎብጣ የምትታጠፍ ቅጠልና የምትፈነዳ እምቡጥ የሚመቻቸው ብርዕና መርፌ ነው።

እውነተኛው አበባ በድሃው ቤት የሚገባው በወቅቱ ነው። በመስከረም አደይ ይቀጠፋል፤ ለበዓል ቄጠማ ይጎዘጎዛል። ልጃገረዶቹ አበባዮሽ እያሉ ሲዞሩ፣ ወንዶቹ ልጆች በቀለም የሣሉትን አበባ ለየቤቱ ያድላሉ፤ በምላሹ ሳንቲም ይቀበላሉ። ያ የልጅ ሥዕል በብዙ ቤት ግድግዳ ላይ ተለጥፎ አደይዋ ከጠወለገች በኋላም ወራት ይቆያል። ከዚህ የረከሰ የቤት ጌጥ ያለ አይመስለኝም።

ዓመቱን ሙሉ የማይጠወልገው አበባ የመጣው በክር ነው። የጅቡቲው ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ በኋላ የባሕር ማዶ ጨርቅ ወደ መሐል አገር በብዛት ይጎርፍ ጀመር። አቡጀዲውና አበባ የታተመበት ቺት ገበያውን ለመዱት። እ.ኤ.አ. በ1931 የተከፈተው የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ሴት ልጆችን ከቀለም ትምህርት ጋር የእጅ ሥራ ያስተምር ነበር። «ዳንቴል» እና «ኪሮሽ» የምንላቸው ቃላት የፈረንሳይኛ መሆናቸው ሙያው በየት በኩል እንደገባ ያመለክታል። ከትምህርት ቤት የወጣው ሙያ ግን በትምህርት ቤት አልቀረም። ከእህት ወደ እህት፣ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት እየተላለፈ በየክፍለ ሀገሩ ከተማ ተዳረሰ።

አሠራሩን የሚያውቁት ያውቁታል፤ ለማያውቁት ልንገር። ነጭ አቡጀዲ በትራሱ ልክ ይቆረጣል። የአበባው ናሙና በካርቦን ወረቀት ይገለበጥበታል። ጨርቁ በሁለት የእንጨት ክቦች መካከል ይወጠራል። ዲ.ኤም.ሲ. የሚባለው የፈረንሳይ ክር ከነዙሩ ስለሚወፍር ተተርትሮ ሁለት ወይም ሦስት ዘለላ ብቻ በመርፌ ይገባል። ቅጠሉ በአረንጓዴ፣ አበባው ከፈዛዛ ወደ ደማቅ ቀይ እየተሸጋገረ ይሞላል። አንዳንዷ በአበባው መሐል የመልካም ምኞት ቃል ትጨምርበታለች። ለሙሽራ የሚዘጋጀው አንሶላና የትራስ ልብስ በዚህ መንገድ ሲሠራ ወራት ይፈጃል። የጨርቁና የክሩ ዋጋ ትንሽ ነው፤ «በርካሽ ያማረ ቤት» የሚባለውም ለዚህ ነው። ነገር ግን የሴቲቱ ሰዓት በሒሳቡ ውስጥ አልገባም። ማታ በኩራዝ ብርሃን የፈሰሰው የዓይኗ ብርሃን ቢተመን ኖሮ ያ ትራስ በቤቱ ውስጥ ካለው ዕቃ ሁሉ ውዱ በሆነ ነበር።

ይህን ሁሉ ያነሣሁት ሐዋሳ ላይ ካየሁት ነገር የተነሣ ነው። ሐዋሳ ቀድሞ አዳሬ ይባል በነበረው ሥፍራ በ1950ዎቹ መጀመሪያ የተቆረቆረች ወጣት ከተማ ናት። ከሐይቁ አቅራቢያ ያለው ጉዱማሌ የሲዳማ ሕዝብ የዘመን መለወጫውን ፊቼ ጫምባላላን የሚያከብርበት አደባባይ ነው። በአፈ ታሪኩ መሠረት በዓሉ የሚዘክረው አንዲት ሴት ናት። ካገባች በኋላ በዓመት አንድ ጊዜ ከእንሰት፣ ከወተትና ከቅቤ የተሠራ ቡሪሳሜ ይዛ ወላጆቿን ትጠይቅ ነበር፤ ምግቡም ለጎረቤት ይካፈል ነበር። ከቤቷ ርቃ የምትኖር፣ የእጇን ሥራ ይዛ የምትመጣ ሴት መሆኗን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

ዩኔስኮ ፊቼ ጫምባላላን በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ያሰፈረው በኅዳር 2008 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት፣ በሐምሌ ወር፣ የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተመረቀ። በአንድ ዓመት ውስጥ ከቤቷ የራቀችው ሴት መታሰቢያ በዓለም መዝገብ ገባ፤ ከቤታቸው የራቁ በሺሕ የሚቆጠሩ ልጃገረዶችም ከየገጠሩ ወደ ስፌት መኪናው መጡ። የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የስተርን ንግድ ትምህርት ቤት የሰብዓዊ መብት ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ጥናት የመነሻ ደመወዛቸው በወር 26 ዶላር እንደነበር ገልጿል። አንድ ክፍል ለብዙ ሆኖ መከራየት የግድ ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 2022 አሜሪካ የአጎዋን ዕድል ከኢትዮጵያ ስታነሣ ደግሞ ይህችኑ እንጀራ ያጡ ጥቂት አይደሉም።

ከጉዱማሌ በእግር በማይርቅ ግቢ ውስጥ ሦስት ሆነው ከተከራዩ ልጆች ክፍል ገብቼ ነበር። ጭቃው ግድግዳ በአበባማ ወረቀት ተሸፍኗል። አልጋው በመጋረጃ ተከልሏል። መጋረጃው መልክ የሌለው ግራጫ ጨርቅ ነው፤ ነገር ግን ካረጀ አንሶላ ላይ ጽጌረዳዎቹ አንድ በአንድ ተቆርጠው ከግርጌው ዙሪያውን ተሰፍተውበታል። በመስኮቱ ላይ የፕላስቲክ አበባ በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ቆሟል። አከራይዋ እናት በወጣትነታቸው የጠለፉትን የትራስ ልብስ ከሣጥን አውጥተው አሳዩን። ልጆቹ እየተቀባበሉ አዩት። «እናንተስ ለምን አትጠልፉም? እጃችሁ መርፌ ለምዷል» አልኳቸው። አንደኛዋ ሣቅ ብላ፣ «ጋሼ፣ ከፈረቃ ስንገባ እኮ እጃችን መርፌ ማየት አይፈልግም» አለችኝ።

የታሪኩ መታጠፊያ ያለው በዚህ መልስ ውስጥ ይመስለኛል። የቀድሞዋ ሴት ሰዓቷ ዋጋ ስላልወጣለት ለራሷ ትራስ ጠለፈችበት። የዛሬዋ ሰዓቷን በወር ደመወዝ ሸጠችውና ለትራሷ የሚተርፍ አጣች፤ ስለዚህ አበባውን ከገበያ ታትሞ ትገዛዋለች። ያን የአሮጌ አንሶላ ጽጌረዳ ቆርጦ ለመስፋት ግን አንድ እሑድ ተገኝቷል። ሙያው ሞቷል ለማለት አልደፍርም።

ሌላም ነገር አለ። ከአዲስ አበባ ወደ ሐዋሳ የሚሄድ መንገደኛ በዝዋይ፣ ዛሬ ባቱ በምትባለው ከተማ በኩል ያልፋል። በዚያ ያሉት የፕላስቲክ ቤቶች ጽጌረዳ የሚመረትባቸው ናቸው። ኢትዮጵያ አበባ ወደ ውጭ በመላክ በአፍሪካ ከኬንያ ቀጥላ ትጠራለች። የኛ ጽጌረዳ በአውሮፕላን ሆላንድ ገብቶ በሰው አገር ራስጌ ይቀመጣል፤ በኛ ልጆች መስኮት ላይ ያለው ከባሕር ማዶ የመጣ የፕላስቲክ አበባ ነው። ንግድ ነውና አይፈረድበትም፤ ሆኖም ያሳስባል።

በስድስት ኪሎ፣ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ የንጉሠ ነገሥቱና የእቴጌይቱ መኝታ ቤት በሙዚየምነት ይጎበኛል። ቤተ መንግሥቱ በ1954 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ መኝታ ቤቱ ግን ተጠበቀ፤ መጠበቁም መልካም ነው። ከዚያ አልጋ ጎን ግን አንድ የአቡጀዲ ትራስ ልብስ ቢቀመጥ፣ ከሥሩም ማን እንደጠለፈችው፣ በየትኛው ከተማና በየትኛው ዓመት፣ ስንት ምሽት እንደፈጀባት ቢጻፍ የአገራችን የመኝታ ቤት ታሪክ ሙሉ ይሆን ነበር። ሙዚየሙ እስኪያስብበት ድረስ ሥራው በየቤታችን ይጀመራል። በየሣጥኑ የታጠፈ ጥልፍ አለ፤ የጠለፉትም ብዙዎቹ በሕይወት አሉ። ጠይቀን በጨርቁ ጠርዝ ላይ ስማቸውን በክር እንጻፍ። ለዚህ አንድ መርፌና አንድ ክንድ ክር ይበቃል።