የአስቸኳይ ጊዜ ቱርኒኬት ፍተሻ

ቱርኒኬት በእጅ ወይም በእግር ላይ የደረሰ ከባድ ቁስል የሚያፈሰውን ደም ለማቆም ከቁስሉ በላይ ጥብቅ ተደርጎ የሚታሰር መሣሪያ ነው። ፍተሻው ደግሞ መሣሪያው ደሙን በእርግጥ ማቆሙን፣ ያውም በተደናገጠ ሰው እጅ ጭምር ማቆሙን የሚያረጋግጥ ሥራ ነው።

ፈረንሳዊው የቀዶ ሕክምና ባለሙያ ዣን ሉዊ ፔቲ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ በብሎን የሚጠብቅ ቱርኒኬት ሠርቶ ነበር። ይሁንና «ለመቆረጥ ይዳርጋል» የሚለው ፍርሃት መሣሪያውን ለረጅም ዘመን የመጨረሻ አማራጭ አድርጎት ኖሯል። ይህን ፍርሃት በእጅጉ ያረገበው አሜሪካዊው ሐኪም ጆን ክራግና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2006 ባግዳድ በሚገኘው ኢብን ሲና ሆስፒታል ያካሄዱት ጥናት ነው። ቱርኒኬት ከታሰረላቸው 232 ቁስለኞች መካከል በመሣሪያው ምክንያት እጁን ወይም እግሩን ያጣ አልተገኘም። በደም ማጣት የደም ዝውውራቸው ተዳክሞ ሾክ ውስጥ ከመግባታቸው በፊት ከታሰረላቸው 90 በመቶው ሲተርፉ፣ ከገቡ በኋላ ከታሰረላቸው የተረፉት 10 በመቶው ብቻ ናቸው።

በፍተሻ ላይ ትልቁን ቦታ የሚይዘው የትርታ መጥፋት ነው። በጎ ፈቃደኛው ጭኑ ላይ ይታሰርለታል፤ መርማሪው የደም ፍሰትን በድምፅ የሚያሰማ የዶፕለር መሣሪያ ቁርጭምጭሚቱ አጠገብ ይይዛል። መጀመሪያ ከልብ ምት ጋር የሚሄድ የሹክታ ድምፅ ይሰማል። ማጠንጠኛው ዘንግ በተጠመዘዘ ቁጥር ድምፁ እየቀጠነ ይሄድና ይጠፋል። ካልጠፋ፣ ማሰሪያው ለዓይን የቱንም ያህል የጠበቀ ቢመስል ፈተናውን አላለፈም። ይህ ጥብቅነት ያለ ምክንያት አይደለም። ሲታሰር ቀድሞ የሚዘጋው ግድግዳው ስስ የሆነው ደም መልስ ነው፤ ደም ቅዳው ክፍት ከቀረ ደም ወደ እግሩ እየገባ መመለሻ ስለሚያጣ እግሩ ያብጣል፣ መድማቱም ይብሳል። ላላ ያለ ቱርኒኬት ጨርሶ ካለማሰር የከፋ ሊሆን የሚችለው ለዚህ ነው።

በሳን አንቶኒዮ፣ ቴክሳስ፣ የሚገኘው የአሜሪካ ጦር የቀዶ ሕክምና ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2005 በታተመ ጥናቱ በጎ ፈቃደኞች ሰባት ዓይነት ቱርኒኬቶችን ራሳቸው ላይ እንዲያስሩ አድርጓል። ብልጫ ካሳዩት አንዱ ዛሬ በስፋት የሚታወቀው ካት ነው። ጭን ከክንድ ይልቅ ከባድ ፈተና ነው፤ ወፍራም ጡንቻ ውስጥ የተቀበረን ደም ቅዳ ለመዝጋት የበለጠ ግፊት ያስፈልጋል። ማሰሪያው ሰፋ ሲል ይህ ግፊት ይቀንሳል፤ ገመድና ሽቦ የማይመከሩትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ከሰው ሌላ ግፊትን፣ ጊዜንና የፈሰሰውን ደም የሚመዘግብ ሰው ሠራሽ እግር ለፍተሻ ያገለግላል። የአያያዝ ሁኔታም ይፈተሻል፦ በአፍጋኒስታን ለፀሐይና ለአቧራ ተጋልጠው የቆዩ ቱርኒኬቶች ካልተጋለጡት ይልቅ በብዛት ሲሰበሩ ታይተዋል። በርካሽ የሚሸጡ ፎርጅድ ቱርኒኬቶችም መልካቸው ከዋናው ጋር አንድ ቢሆንም፣ ሲጠመዘዙ ዘንጋቸው ሊጎብጥ ወይም ሊሰበር ይችላል።

ስለዚህ ለመኪና ወይም ለመሥሪያ ቤት ቱርኒኬት የሚገዛ ሰው ከታመነ አቅራቢ ይግዛ፤ ለመለማመጃ የዋለውንም ለአደጋ አያስቀምጥ። ሲያስርም ከቁስሉ ከ5 እስከ 8 ሴንቲሜትር ከፍ አድርጎ፣ መገጣጠሚያ ላይ ሳያሳርፍ፣ ደሙ እስኪቆም ያጥብቀው፤ የታሰረበትን ሰዓት ጽፎ ቁስለኛውን ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ያድርስ።