ኒዮዲሚየም

ኒዮዲሚየም የአቶም ቁጥሩ 60 የሆነ፣ ብርማ መልክ ያለው ብረት አስተኔ ንጥረ ነገር ነው። ከላንታናይዶች አንዱ ሲሆን «ብርቅዬ የምድር ብረቶች» ከሚባሉት 17 ንጥረ ነገሮች ይመደባል። ስሙ ብርቅዬ ቢባልም በምድር ቅርፊት ውስጥ ከእርሳስ ይበልጥ ይገኛል። አስቸጋሪው ነገር በባሕርይ በጣም ከሚመሳሰሉት ሌሎች ላንታናይዶች መለየቱ ነው።

ግኝትና ስያሜ

በ1841 እ.ኤ.አ. ስዊድናዊው ካርል ሞሳንደር «ዲዲሚየም» ያለውን ነገር ለይቶ አወጣ፤ አንድ ንጥረ ነገርም መሰለው። በ1885 እ.ኤ.አ. ኦስትሪያዊው ካርል አወር ፎን ቬልስባኽ ዲዲሚየምን ፕራሲዮዲሚየምና ኒዮዲሚየም ብሎ ለሁለት ከፈለው። የኒዮዲሚየም ስም የመጣው በግሪክኛ «አዲስ» እና «መንታ» ከሚሉት ቃላት ነው።

ባሕርያት

የሚቀልጠው በ1020 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። አየር ሲያገኘው ቶሎ ይደበዝዛል፤ የሚፈጠረው የኦክሳይድ ሽፋን እየተላጠ ስለሚረግፍ ከሥሩ ያለው ብረት እንደገና ይጋለጣል። ስለዚህ ንጹሑ ብረት ብዙውን ጊዜ በማዕድን ዘይት ውስጥ ይቀመጣል።

ጥቅሞች

ማግኔት፦ ንጹሕ ኒዮዲሚየም በተራ ሙቀት ቋሚ ማግኔት አይሆንም። ከብረትና ከቦሮን ጋር ሲዋሐድ ግን በገበያ ካሉት ቋሚ ማግኔቶች ሁሉ ኃይለኛው ይሠራበታል። ይህን ማግኔት በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ማሳቶ ሳጋዋ በጃፓን፣ ጆን ክሮት በአሜሪካ በየፊናቸው ሠሩት። በጆሮ ማዳመጫ፣ በኮምፒውተር ሃርድ ዲስክ፣ በብዙ የኤሌክትሪክ መኪና ሞተሮችና በአንዳንድ የነፋስ ተርባይኖች ውስጥ ይገኛል። ሙቀት ስለሚያዳክመው ዲስፕሮሲየም ይጨመርበታል፤ እንዳይዝግም በኒኬል ይለበጣል።

ሌዘር፦ ኒዮዲሚየም የተጨመረበት የኢትሪየም አሉሚኒየም ጋርኔት ክሪስታል የሞገድ ርዝመቱ 1064 ናኖሜትር የሆነ፣ በዓይን የማይታይ ጨረር ይሰጣል። ጨረሩ ብረት ለመቁረጥና ለዓይን ሕክምና ያገለግላል።

መስታወት፦ ለመስታወት ሐምራዊ ቀለም ይሰጣል። ከፕራሲዮዲሚየም ጋር የተጨመረበት መነጽር ከሶዲየም የሚወጣውን ቢጫ ብርሃን ስለሚያስቀር፣ መስታወት በእሳት የሚሠሩ ባለሙያዎች ሥራቸውን አጥርተው እንዲያዩ ይረዳል።

ምርት

ዋና ዋና ምንጮቹ ባስትኔሳይትና ሞናዛይት የተባሉት ማዕድናት ናቸው። በማውጣትም ሆነ በማጣራት ቻይና ትመራለች። ማጣራቱ ብዙ አሲድና ሌሎች ኬሚካሎች ይፈልጋል፤ ሞናዛይት ደግሞ ጨረር አመንጪ የሆነውን ቶሪየም ስለሚይዝ ዝቃጩ በጥንቃቄ መወገድ አለበት። ከአሮጌ ዕቃዎች መልሶ ማውጣት ቢቻልም፣ ማግኔቶቹ ትንንሽና ከሌላ ዕቃ ጋር የተጣበቁ በመሆናቸው ሥራው አድካሚ ነው።

ጥንቃቄ

ሁለት ማግኔቶች ሲሳሳቡ ጣት ሊያቆስሉ ይችላሉ። ሕፃን ከአንድ በላይ ቢውጥ፣ ማግኔቶቹ የአንጀትን ግድግዳ በመካከላቸው ይዘው ሊበሱት ስለሚችሉ አፋጣኝ ሕክምና ያስፈልገዋል።