የሥዕል መስተዋት፤ ጠባቂም ጐጂም

በ1907 ዓ.ም. (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በፓሪስ በሉቭር ቤተ መዘክር የአንግር ሥዕል በስለት ተቀደደ። ከዚህም የተነሣ ታላላቆቹ ሥዕሎች መስተዋት ይገጠምላቸው ጀመር፤ ተመልካቾች ግን ከሥዕሉ ይልቅ የገዛ ፊታችንን እናያለን እያሉ አጕረመረሙ። በ1911 ዓ.ም. ሞና ሊዛን የሰረቀው ቪንቼንዞ ፔሩጃም በዚሁ የመስተዋት ሥራ ተቀጥሮ የነበረ ሰው መሆኑ የሚያስገርም ነው።

በ1956 ዓ.ም. አንድ ሰው በዚህችው ሥዕል ላይ ድንጋይ ወርውሮ መስተዋቱን ሰበረው፤ በግራ ክርኗ አጠገብም ጥቂት ቀለም ረገፈ። ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ሥዕል ይህ ከደረሰ፣ በመርከብና በባቡር ለሚጓዘው ሥጋቱ የበለጠ ነው፤ የተሰበረ መስተዋት ስለት ነውና። ስለዚህ ሥዕል የሚያሽጉ ሠራተኞች ስብርባሪው እንዳይወድቅ በመስተዋቱ ላይ ተለጣፊ ወረቀት ይደረድሩበታል።

በ1933 ዓ.ም. በጀርመን አገር የተሰየመው ፕሌክሲግላስ ክብደቱ የመስተዋት ግማሽ ያህል ነው፤ እንደ መስተዋትም አይከሰከስም። ነገር ግን ተራው ፕሌክሲግላስ በቀላሉ ይጫራል፤ ሲወለወልም የኤሌክትሪክ ኃይል ያድርበትና የፓስቴል ብናኝ ወደ ራሱ ይስባል። ስለዚህ እንደ ዴጋ ላሉት ሠዓልያን የፓስቴል ሥራዎች የሚሻለው በመካከሉ ፕላስቲክ ያለበት ድርብ መስተዋት ይመስለኛል፤ ቢከብድም ስባሪውን ይዞ ይቀራል። ይህን ሐሳብ ሠዓሊም ኬሚስትም የነበረው ፈረንሳዊ ኤዱዋር ቤኔዲክቱስ የፈጠራ መብት ያወጣበት በ1909 ዓ.ም.፣ ሞና ሊዛ ከመሰረቋ ሁለት ዓመት በፊት ነበር።