መቃና ወርቅ፤ ስለ ብዕር ምርጫ

ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ የሚጓዝ መንገደኛ ጎሐ ጽዮን ላይ ደጋውን ተሰናብቶ ወደ ዐባይ በረሃ ይወርዳል፤ ወንዙን ተሻግሮ ዳገቱን ሲጨርስ ደጀን ይቀበለዋል። በዚህ በረሃ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ የተመረቀው አዲስ ድልድይ የተሠራው በጃፓን መንግሥት ርዳታ ነው። ስለዚህ ለደጀን ሰው ጃፓን የሩቅ ተረት አይደለችም። በቅርቡ ደግሞ ከድልድዩ እጅግ ያነሰ፣ ነገር ግን ብዙ የሚያነጋግር ሌላ የጃፓን እጅ ሥራ ወደዚያው ከተማ ሊላክ መሆኑን ሰማሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በባሕር ማዶ የሚኖር አንድ የደጀን ተወላጅ ወዳጄ ፊደል ላስቆጠሩት የኔታ ገጸ በረከት ሊልክ ፈለገ። የኔታ በወጣትነታቸው ቁም ጸሐፊ ስለ ነበሩ ከብዕር የተሻለ ስጦታ አልታየውም። የቀረቡለት ምርጫዎች ሁለት ናቸው፤ ሁለቱም ቀለም የሚሞሉ፣ አካላቸው በዛፍ ሙጫ የተለበጠ የጃፓን ብዕሮች ናቸው። አንዱ ጥቁርና ልሙጥ ነው፤ ሌላው የወርቅ ሥዕል አለበት፤ ዋጋውም የመጀመሪያውን ብዙ እጥፍ ነው። «የትኛውን ልምረጥ?» ሲል ጠየቀኝ። ለመመለስ ስነሣ የሁለት አገሮችን ታሪክ መመልከት ግድ ሆነብኝ።

ጃፓኖች ኡሩሺ የሚሉት ሙጫ ከዛፍ ግንድ ተፍቶ የሚቀዳ ነው። እርጥቡ የሰውን ቆዳ ያሳክካል፤ ሲደርቅ ግን ይጠነክራል። የሚያስደንቀውም የሚጠነክረው በእርጥበት አየር ውስጥ መሆኑ ነው። ባለሙያው አንዱን ልባስ ቀብቶ፣ አድርቆና አለስልሶ ሌላውን ይደርባል። ማኪኤ በሚባለው ጥበብ ደግሞ ሥዕሉን በሙጫ ሥሎ፣ ሳይደርቅ የወርቅ ብናኝ ይነሰንስበታል። ይህ ጥበብ ለብዙ መቶ ዓመታት ሣጥንና ዕቃ ሲያስጌጥ የኖረ እንጂ ለብዕር የተፈጠረ አልነበረም። ቀለም የሚሞላው ብዕር ከምዕራብ አገር የመጣ እንግዳ ነው። የያኔው ብዕር አካል ከጠነከረ ጎማ ስለሚሠራ ፀሐይ ሲመታው ይደበዝዝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1918 የተቋቋመው የናሚኪ ፋብሪካ ለዚህ መድኃኒት ያገኘው ከአባቶች የእጅ ሥራ ነው፤ ጎማውን በኡሩሺ አለበሰው። እ.ኤ.አ. በ1930 ከእንግሊዙ ደንሂል ጋር ተዋውሎም ሥራውን በአውሮፓ ገበያ አቀረበ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ጃፓንን ጎብኝተው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ የጻፉት በዚያው ዘመን ነበር።

ወደ እኛ እንመለስ። ብዕር የሚለው ቃል ምንጩ የግእዙ «ብርዕ» ነው፤ ትርጉሙም ሸምበቆ፣ መቃ ማለት ነው። ቀለም የምንለውም ቢሆን በዐረብኛ በኩል ከግሪኩ «ካላሞስ» የመጣ ሲሆን እርሱም መቃ ነው። እንግዲህ መጻፊያውም መጻፊያውን የሚያጠጣውም ፈሳሽ በአንድ ተክል ስም ሲጠሩ ኖረዋል ማለት ነው። ቁም ጸሐፊው መቃውን ራሱ ይቆርጣል፣ ይቀርጻል፣ ጫፉን ይሰነጥቃል፤ ሲደንዝ መልሶ ይቀርጸዋል። ለጥቁሩ አንድ፣ ቅዱሳን ስሞች ለሚጻፉበት ለቀዩ ሌላ ብዕር ይይዛል። በብዕሩ አካል ላይ ጌጥ የለም፤ ጌጡ ሁሉ በብራናው ላይ፣ በሐረጉና በፊደሉ ቅርጽ ላይ ነው። ጠፍጣፋው የመቃ ጫፍ ነው ለቁም ጽሕፈት ውፍረቱንና ቅጥነቱን የሚሰጠው።

ታዲያ የጃፓኑ የእጅ ሥራ አዲሱን መሣሪያ ለብሶ ሲያድግ የእኛ ቁም ጸሐፊ ስለ ምን ወደ ኋላ ቀረ? ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. መቋቋሙን፣ የማተሚያ መኪና መበርከቱን እንደ ምክንያት መጥቀስ ይቻላል። ነገር ግን ጃፓንም ማተሚያ መኪና ነበራት። ከዚያ የጠለቀው ምክንያት ለእጅ የሚሰጠው ክብር ይመስለኛል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው መስደብን በአዋጅ ሲከለክሉ ከጠቀሷቸው ስድቦች አንዱ የሚጽፍን ሰው «ጠንቋይ» ማለት ነበር። በአዋጅ መከልከል ያስፈለገው ስድቡ የተለመደ ስለ ነበር ነው። በአንጻሩ ለናሚኪ ብዕሮች ወርቅ የሣሉ ባለሙያዎችን የመራውን ማትሱዳ ጎንሮኩን የጃፓን መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1955 የአገር ሕያው ቅርስ ብሎ ሰየመው። እኛ ባለ ቅኔዎችም ከወቀሳው አናመልጥም። ሐዲስ ዓለማየሁ በተማሩበት በዲማ ጊዮርጊስም ሆነ በሌሎቹ የጎጃም ጉባኤ ቤቶች ቅኔ በቃል ተቆጥሮ በቃል ይዘረፋል። የዘረፈው ሲወደስ መጽሐፉን ዓመት ሙሉ አጎንብሶ የጻፈውን ስንቶቻችን በስሙ እናውቀዋለን?

ለወዳጄ የሰጠሁት መልስ ይህ ነው። በመጀመሪያ የብዕሩን ጫፍ ጠይቅ፤ ድቡልቡል ጫፍ ያለው ብዕር ወርቅ ቢለብስም ቁም ጽሕፈት አይጽፍምና በጠፍጣፋ የተቀረጸውን እዘዝ። ከሁለቱ ልሙጡን ጥቁር ምረጥ፤ ብዕር ሳይሆን ገጽ ሲያስጌጡ የኖሩት የኔታ አይንቁትም። በዋጋው ልዩነት ግን ብራና ይገዛ፤ ለአንድ ተማሪም ቀለብ ይሁን። የኔታ ዐይናቸው ሳይደክም፣ መቃ እንዴት እንደሚቆረጥ ለዚያ ልጅ ያሳዩት።