ስለ ሁተራውያን የልጅ ብዛትና ወሊድን ስላለመወሰን

ልጅን የእግዚአብሔር ሀብት አድርጎ መቍጠርና ወሊድን በሰው ፈቃድ መወሰንን መንቀፍ በክርስቲያን ዓለም የጥቂቶች አሳብ ብቻ ሆኖ አልኖረም። የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ጳጳሳት በላምቤዝ ጉባኤያቸው በ1908 እና በ1920 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው) ነገሩን አውግዘው፥ በ1930 ግን በ193 ድምፅ በ67 ላይ በተወሰነ ሁኔታ ፈቀዱ። በዚያው ዓመት ማብቂያ የሮማው ፓፓ ፒዮስ 11ኛ ክልከላውን አጸና። ልጅ ማብዛትን የሚያመሰግኑት የሚጠቅሱት የታወቀ ነው፤ ይኸውም በኦሪት ዘፍጥረት የተሰጠው የመብዛት ትእዛዝ፥ የአውናን ታሪክ፥ ልጆችን በፍላጻ የሚመስለው መዝሙርም ነው፤ እርሱም በእኛ ዳዊት 126ኛው ነው።

ነገር ግን ይህን የተማሩ ሁሉ ብዙ ልጅ አልወለዱም። በብዙ የአውሮጳ አገሮች ስብከቱ ሳይለወጥ ቤተሰቡ አንሶ ተገኝቷል። እምነቱ ብቻውን የልጅን ብዛት አያስረዳም ማለት ነው። ለዚህ በሰሜን አሜሪቃ የሚኖሩት ሁተራውያን ከሁሉ የበለጠ ምስክር ይሆናሉ።

እነዚህ ሰዎች ከዳግም አጥማቂዎች ወገን ሲሆኑ በ1528 በሞራቪያ በሐዋርያት ሥራ እንደ ተጻፈው ገንዘባቸውን አንድ አደረጉ። ስማቸውን ያገኙት በ1536 በኢንስብሩክ ከተማ በእሳት ከተቃጠለው ከያዕቆብ ሁተር ነው። ከስደት ወደ ስደት ሲሉ ሩስያ ደርሰው ነበር፤ የወታደርነት ግዴታ በመጣባቸው ጊዜ ከ1874 ጀምሮ ወደ ዳኮታ ተሻገሩ። በ1880 በማኅበር የሚኖሩት 443 ነፍስ ነበሩ። በ1950 ግን 8,542 ሆኑ፤ በ70 ዓመት ውስጥ 19 እጥፍ መሆናቸው ነው። ኢተንና ማየር የተባሉ ሊቃውንት በ1953 ባሳተሙት ጥናት የመውለጃ ዘመናቸውን የፈጸሙ ሚስቶች በመካከለኛ ግምት ከ10 ልጆች በላይ እንደ ወለዱ አሳዩ።

ሁተራዊ አባት ለልጁ እርሻ አይገዛለትም፥ ጥሎሽም አያስብም። ምግቡ በአንድ አዳራሽ ይበላል፤ ልብሱ ከማኅበሩ ይሰጣል፤ ሕፃኑም ሦስት ዓመት ገደማ ሲሆነው ወደ ማኅበሩ የሕፃናት ቤት ይገባል። የወለደች ሴት ለጥቂት ጊዜ ከጋራ ሥራ ታርፋለች። እንግዲህ ዐሥረኛው ልጅ ለእናቲቱ አካል እንጂ ለቤቱ ከረጢት ሸክም አይሆንም። የእናቲቱ ድካም ግን በየትኛውም የማኅበር መዝገብ እንደማይቈጠር ልብ ይሏል። ከዚህም ጋር ሁተራውያን ሐኪምንና ሆስፒታልን አይሸሹም፤ ስለዚህ የተወለደው ብዙ ብቻ ሳይሆን ያደገውም ብዙ ነው። የማኅበሩ ሰው 130 ወይም 150 ሲደርስ መሬት ተገዝቶ እኩሌታው ወደ አዲስ ማኅበር ይወጣል።

ፈረንሳዊው ሉዊ ሄንሪ በ1961 ወሊድ ሳይወሰን የሚገኘውን የልጅ ብዛት «ተፈጥሮአዊ» ብሎ ሲያጠና ከምሳሌዎቹ አንዱ እነርሱ ነበሩ፤ ከዚያም ወዲህ የሌላው ሕዝብ ወሊድ በሁተራውያን ሚዛን ይለካ ጀመር። ሚዛኑ ጠቃሚ ነው፤ ስሙ ግን አሳሳች ይመስለኛል። በጋራ ማድቤት፥ በሕፃናት ቤትና በሰፊ ርካሽ መሬት የቆመ ነገር የተፈጥሮ ብቻ ሊባል አይገባም።

መሬቱ ሲጠብብ የሆነውም ይህንኑ ያሳያል። የካናዳዋ የአልበርታ ክፍለ ሀገር በ1947 ባወጣችው ሕግ አዲስ ማኅበር ከነባሩ 40 ማይል እንዲርቅ አዘዘች፤ ሕጉ እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ ጸንቶ ቆየ። የመሬት ዋጋ ናረ፤ መኪናም የብዙ ሰው ጕልበት ተካ። ከ1950 በኋላ ሴቶች የሚያገቡበት ዕድሜ ከፍ አለ። በእነርሱ ሥርዓት ሳይጠመቁ ማግባት ስለማይቻል፥ ጥምቀትን ማዘግየት ጋብቻን ማዘግየት ነው፤ ለዚህም ማንም ትምህርት መሻር አላስፈለገውም። ለእናት ጤና ተብሎ በሐኪም ምክር መውለድን ማቆምም እየተለመደ ሄደ። በ20ኛው ምእተ ዓመት መጨረሻ በየቤቱ የሚወለደው ልጅ ወደ እኩሌታ ገደማ ወርዶ ነበር፤ ስብከቱ ግን የቀድሞው ነበር።