ከጎሬ ቁልቁለት በፊት

እስኪ ቀረብ በሉ! ዛሬ የማወጋችሁ የኢሉባቦርን መንገድና የአንድ ሞተረኛን ጉዳይ ነው። ስም አላወጣለትም። መቱ ላይ፣ ጎሬ ላይ፣ ሁሩሙና ያዮ ላይ እሱን የመሰለ ብዙ ነውና የምታውቁትን ልጅ በዓይነ ኅሊናችሁ አቁሙልኝ። ክትባት ይዞ ከቀበሌ ቀበሌ የሚዞር የጤና ባለሙያ ነው በሉት። ካሻችሁ ገበሬ ማሳ ድረስ የሚዘልቅ የግብርና ሠራተኛ፣ ወይም በየጫካው ጥግ ቡና የሚገዛ ነጋዴ አድርጉት። እንጀራው በሁለት ጎማ ላይ ነው። እነሆ የቦሎ ማደሻው ጊዜ ደረሰ፤ ሞተሩ የዓመቱን ምርመራ ማለፍ አለበት።

መንገዱን ሳናውቅ ስለ ሞተሩ ብናወራ ነገሩ አይገባንምና አስቀድመን አገሩን እንይ። መቱ ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በጫካና በቡና ተከባ ትገኛለች። በሁሩሙና በያዮ አልፎ በደሌ የሚያደርሰው መንገድ 115 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወደ ደቡብ ጎሬ 25 ኪሎ ሜትር ትርቃለች። በያዮ በኩል ያለፈ ሰው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ቡና በራሱ የሚበቅልበትን ጫካ አይቷል፤ ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት የመዘገበው ይህንኑ ነው። ጫካው ደግሞ ያለ ዝናብ አልቆመም። ጎሬ በአገራችን ዝናብ ከሚበዛባቸው ከተሞች አንዷ ናት። ጉሙ ወርዶ መንገዱን ሲሸፍን፣ ከፊት የሚመጣውን አይሱዙ የምታውቁት በመብራቱ ነው። ጎሬ በ2,000 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ተቀምጣ፣ ከእሷ በቡሬ አድርጎ ወደ ጋምቤላ የሚወርደው መንገድ 1,500 ሜትር ያህል ቁልቁል ይጥላል። ፍሬን እውነተኛ ፈተናው የሚገጥመው እዚያ ነው።

ይህ ቁልቁለት ታሪክ አለው። ጎሬ የራስ ተሰማ ናደው መቀመጫ ነበረች። ዳግማዊ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት ውል መሠረት ባሮ ወንዝ ዳር ላይ የንግድ ጣቢያ ተቋቁሞ፣ የኢሉባቦር ቡና በበቅሎ ተጭኖ ጋምቤላ ይወርድ፣ ከዚያም በእንፋሎት መርከብ ወደ ካርቱም ይሻገር ነበር። በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ በጣሊያን እጅ ስትወድቅም፣ የአገሩን መንግሥት ስም ይዛ ጥቂት ወራት የቆየችው ይህችው ጎሬ ናት። እንግዲህ ያን ቁልቁለት የሚወርድ ሲራራ ነጋዴ የበቅሎዋን ጀርባ ሳይዳብስ፣ ኮቴዋን አንስቶ ሳያይ ጭነት አይጭንባትም ነበር። ገደል አፋፍ ላይ የምታነክስ በቅሎ ጭነቱንም ሰውንም ይዛ እንደምትሄድ ያውቅ ነበራ! ዛሬ መርማሪው በሞተሩ ዙሪያ ጎንበስ ቀና ሲል የሚሠራው ያንኑ የድሮውን ሥራ ነው።

ያዮ በዩኔስኮ በተመዘገበችበት በዚያው ዓመት፣ የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ወጣ። አዋጁ ተሽከርካሪ በየዓመቱ እንዲመረመር ያዛል። ሞተር ሳይክልም ተሽከርካሪ ነው፤ ትንሽ ነው ተብሎ አይማርም።

ሞተረኛችን ከምርመራው በፊት ባለው ከሰዓት በኋላ ወደ ጋራዥ ገባ። መካኒኩ ፀጉራቸው የሸበተ፣ እጃቸው በዘይት የጠቆረ ሰው ናቸው።

«ጋሼ፣ ነገ ምርመራ አለብኝ። ቶሎ አየት አድርጉልኝ።»

«ቶሎ የሚታይ ሞተር የለም፣ ልጄ። አቁመው።»

የፊት ጎማውን ከመሬት አንሥተው መሪውን ቀስ አድርገው ግራና ቀኝ አዞሩ። መሐል ላይ ያዝ ካደረገ የመሪው ኩሽኔታ ተበልቷል ማለት ነው፤ እንዲህ ያለ ሞተር ፍጥነት ሲጨምር መሪው ይንቀጠቀጣል። ቀጥለው ጎማውን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ጎን ነቀነቁ። ሰንሰለቱን በጣታቸው አነሡት፤ የላላ ሰንሰለት ጥርሱን ዘሎ የኋላ ጎማውን ሊቆልፍ ይችላልና። ከዚያ የኋላ ፍሬኑን ፈቱ። ሸራው ሳስቶ ብረቱ ሊወጣ ደርሷል።

«ግን ይይዛል እኮ፣ ጋሼ!»

«መቱ ከተማ ውስጥ ይይዛል። ቡሬን አልፈህ ስትወርድ፣ ደግመህ ደጋግመህ ስትረግጠው፣ ሲግል ይከዳሃል። ከኋላህ ሰው ጭነህ ከሆነማ ቶሎ ይከዳሃል።»

አጠገባቸው ቆሞ የነበረ የልጁ ጓደኛ በዚህ ጊዜ ጣልቃ ገባ። «ስፖኪዮህ አንዱ ተሰብሯል፤ የኔን አስረህ እለፍና ነገ ማታ መልስልኝ» አለው። ለደግነት ነው ያለው። መካኒኩ ግን ቀና ብለው፣ «ምርመራው የአንድ ቀን ነው፤ መንገዱ የዓመት ነው። ነገ ማታ መልሰህለት ከነገ ወዲያ ከኋላ የሚመጣውን መኪና በምን ልታየው ነው?» አሉት። ወዳጆቼ፣ ይህችን ንግግር ያዙልኝ። ለአንድ ቀን ስፖኪዮ የሚዋስ፣ ለአንድ ቀን ደህና ጎማ የሚያስር ሰው መርማሪውን ያለፈ ይመስለዋል። የተበላው ጎማ ግን ተመልሶ እሱው ሥር ይገባል፤ በክረምት ጭቃ ላይም የሚያንሸራትተው እሱኑ ነው።

ሸራው ተቀየረ፤ አዲስ ስፖኪዮ ተገዛ። ነጋ። ሞተረኛችን ሊብሬውንና የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንሱን ይዞ ተሰለፈ። መርማሪው ከሊብሬው ላይ የሻንሲውንና የሞተሩን ቁጥር እያነበበ ብረቱ ላይ ከተመታው ጋር አመሳከረ። ታርጋውን አየ። የፊት መብራት፣ ደህና። ፍሬቻ በግራም በቀኝም፣ ደህና። ክላክስ ጮኸ። የእጅ ፍሬኑ ሲያዝ የኋላው መብራት በራ። የእግር ፍሬኑ ሲረገጥ ግን ዝም!

«አስተካክለህ ና» አለው መርማሪው።

ልጁ ተቆጣ። ለአንዲት አምፖል ብሎ አጉረመረመ። አምፖሏስ ደህና ነበረች፤ ከእግር ፍሬኑ ጋር የተያያዘችው ማብሪያ በጭቃ ተደፍና ነው። ታጥባ፣ ተስተካክላ፣ ሠራች። እስቲ አስቡት፦ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ተሽከርካሪ በአንድ ሰከንድ ውስጥ 11 ሜትር ያህል ይጓዛል። በጎሬ ጉም ውስጥ ከኋላው የሚመጣው ሾፌር ሞተረኛው መቆሙን በአንድ ሰከንድ ዘግይቶ ቢያውቅ፣ ያቺ 11 ሜትር ልጁ ያለባት 11 ሜትር ናት። መርማሪው የመለሰው ለዚች ነው።

ይህ ሥርዓት የእኛ ብቻ አይደለም። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1960 የተሽከርካሪ ምርመራን ግዴታ ሲያደርጉ የጀመሩት በፍሬን፣ በመብራትና በመሪ ነበር፤ ጎማን በኋላ ጨመሩ። የሎንዶን አስፋልትና የኢሉባቦር ጭቃ ቢለያዩም፣ መቆም፣ መታየትና መታጠፍ ያልቻለ ተሽከርካሪ በሁለቱም ዘንድ ሰው ይገድላል።

ያ በሰልፉ ላይ የተጠየቀው ኢንሹራንስም እንዲያው የወረቀት ብዛት አይደለም። የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 ያለዚህ ዋስትና መንዳትን የሚከለክለው፣ በአደጋ የተጎዳ ሰው አስቸኳይ ሕክምና እንዳይነፈገውም ጭምር ነው። በገበያ ቀን ቡና ተሸክማ ወደ መቱ የምትመጣ እናት ሞተር የላትም፤ ቦሎም አትለጥፍም። በልጁ ፍሬን ላይ ግን ከማንም በላይ ሕይወቷን የጣለችው እሷ ናት። ምርመራው ከሁሉ አስቀድሞ የእሷ ነው እላለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። መርማሪው ሞተሩን እንጂ ልማድህን ሊመረምር አይችልም። ሄልሜት በመሪው ላይ አንጠልጥሎ መሄድ በየመንገዱ የምናየው ነው። ሄልሜት በአግባቡ ማድረግ በአደጋ የመሞትን ዕድል በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 በመቶ እንደሚቀንስ በብዙ አገር የተደረጉ ጥናቶች ተጠቃለው አሳይተዋል። መሪ ላይ የተንጠለጠለው ከዚህ አንዱንም አይሠራም።

እናንተ የኢሉባቦር ሞተረኞች! ቦሎው ሳያልቅ፣ ክረምቱም ሳይገባ መካኒካችሁ ዘንድ ሂዱ። የፍሬን ሸራችሁን አስፈትታችሁ በዓይናችሁ እዩ። ማታ ማታ ጓደኛችሁን ከኋላ አቁማችሁ፣ በእጅም በእግርም ፍሬን ስትይዙ የኋላው መብራት ይበራ እንደሆነ ጠይቁት። እናንተም መርማሪዎች፣ በዝምድና አታሳልፉ፤ ዘመዳችሁን የምትወዱ ከሆነ መልሱት። «አስተካክለህ ና» የተባለ ሰው ከሰዓት በኋላ ይመለሳል፤ ቁልቁለቱ ላይ ግን «አስተካክለህ ና» የሚል የለም።